የባሮ ጉድ ባሕር ማዶ ዞሮ ሲመጣ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ድሮ ጉዱ በዓመት አንዴ ቢሰማ ነው፤ ዛሬ ቴሌግራሙን የከፈተ ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ አሥሩን ይሰማል። «ይህን ያውቃሉ?»፣ «ለማመን የሚከብዱ እውነታዎች»፣ «ሳይንቲስቶችን ግራ ያጋባው ፍጥረት» ብለው የሚጀምሩ አጫጭር ጽሑፎች ከቻናል ቻናል ይወራወራሉ። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ማር ዘመን አይሽረውም። ሙዝ ጥቂት ጨረር ያመነጫል። አብዛኞቹ እውነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእውነት የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ የተረፉት አባታቸው አይታወቅም።

ልማዱ ኢንተርኔት የወለደው ቢመስልም ዕድሜው ብዙ ነው። የተለወጠው አቀባዩ ነው፤ መጀመሪያ አገር አሳሽ፣ ቀጥሎ መርከበኛ፣ ጋዜጠኛና ሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ በየሰው ኪስ ያለ ስልክ። ይህን ለውጥ ለመከተል ጋምቤላን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋና ዙሪያዋ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ለዓለም የጉድ ወሬ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ወሬው ግን ሁልጊዜ ከባሮ ወጥቶ፣ ለንደንን ወይም ፓሪስን ወይም ዋሽንግተንን ረግጦ፣ የባዕድ ልብስ ለብሶ ነው ወደ ባሮ የሚመለሰው። ጋምቤላ ያለው ሰው የደጁን ነገር እንደ ሩቅ አገር ተአምር ያነብበዋል። አቀባዩ ሲለዋወጥ ይህ መንገድ ምን ያህል ተለወጠ? ብዙም አልተለወጠም ባይ ነኝ፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ከታች ይታያል።

ከተማዋን የፈጠራት ወንዙ ነው። ባሮ መርከብ የሚመላለስበት የአገራችን ብቸኛ ወንዝ ነበር፤ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባት ደግሞ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ውሉ ኢታንግ አካባቢ ይላል፣ ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው፣ የኢሉባቦርና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

መርከብ ቡና ብቻ አይጭንም። ደብዳቤ፣ የጉዞ ማስታወሻና አሉባልታ ይጭናል። ከጣቢያው በፊት እንኳ ባሮ ለፓሪስ ጋዜጦች ቀለብ ሆኖ ነበር። ሻምበል ማርሻን የሚባለው ፈረንሳዊ «ፌደርብ» የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ፈትቶ በሰው ትከሻ እያሸከመ አፍሪካን ከምዕራብ ተነሥቶ አቋርጦ፣ ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተፋጥጦ፣ መንግሥቱ ልቀቅ ሲለው እ.ኤ.አ. በ1898 ማብቂያ በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወጣ። ውሃው አላስኬድ ሲለው ጀልባዋን እዚያው ትቶ በእግሩ ጎሬ፣ ከዚያም አዲስ አበባና ጅቡቲ ደረሰ። በፓሪስ ይህ የጀግና ታሪክ ሆኖ ተተረከ። የባሮ ዳር ነዋሪዎቹ አኙዋዎች ከዳር ቆመው ያችን የብረት ዕቃ ስታቃስት ሲያዩ ምን እንዳሉ የጻፈ የለም። እኔ ብሆን የምፈልገው ያንን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው አቀባይ ምሁር ነው፤ ከዚህ ሰው ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የዛሬው የቴሌግራም አመል በሙሉ በእሱ ዕጣ ላይ ይታያል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በሱዳን በኩል ከኑዌሮች ጋር ኖረ፣ ቀጥሎም አኙዋዎችን አጠና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ መኰንን ተመልሶ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ የአኙዋ ጀሌዎችን እየመራ ጣሊያንን ተዋግቷል። ስለ ኑዌር እምነት እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዷ ግን ከመጽሐፉ አምልጣ ዓለምን ዞረች፦ ኑዌሮች መንታ ልጆች ወፎች ናቸው ይላሉ።

ይህች አንዲት ነገር ብቻዋን ስትቆም እንዴት ያለች ጉድ ናት! ፈላስፎች ተከራከሩባት፣ ክሎድ ሌቪ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው መጽሐፍ ተነተናት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለጀማሪ ተማሪ ማስደነቂያ አደረጓት። ዛሬም «የዓለማችን እንግዳ እምነቶች» ተብሎ በሚዘረዘር ነገር ውስጥ ብትገኝ አይገርምም። ተማሪው ይስቃል፤ መንቁር ያላቸው ሕፃናት ይታዩታል። መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ኑዌሮች መንታ ላባ አለው አላሉም። ወፍ መንታ ነው ብለውም አያውቁም። ሁለት ሆነው መወለዳቸው ከተለመደው የወጣ ስለሆነ በተለየ ሁኔታ የክዎዝ፣ ማለትም የላይኛው መንፈስ፣ ልጆች ናቸው፤ ወፍም ከምድር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ የላይኛው ወገን ነው። መንታና ወፍ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው፣ በአካል አይደለም። ስማቸው ሲወጣ እንኳ እንደ ጅግራና ቆቅ ካሉት፣ ብዙ ከማይበሩት ወፎች ነው የሚሰጣቸው፤ ሰዎች ናቸውና ከምድር አይርቁም። መንታ የወፍ እንቁላል አይበላም፣ ዘመዱን እንደ መብላት ነው። ከመንታዎቹ አንዱ ሲሞት ሞተ አይባልም፣ በረረ ይባላል።

እንግዲህ እዩት። ሙሉው ነገር የሐዘንና የክብር ቋንቋ ነው፤ በአንዲት መስመር ተቆርጦ ሲሄድ መሳቂያ ሆነ። ማንም አልዋሸም። ቆራጩ «ለምን» የምትለዋን ብቻ ጣላት። ከዚህ በኋላ በምናያቸው ዘመናት ሁሉ የሚደጋገመው ይኸው መቁረጥ ነው። ጋምቤላ የሚማር የኑዌር ልጅ ስለ ራሱ ሕዝብ ይህችን የተቆረጠች መስመር በእንግሊዝኛ ሲያገኛት አያቱ ከነገሩት ጋር አንድ መሆኗን ለማወቅ ደቂቃዎች ቢወስድበት አልፈርድበትም።

የ1950ዎቹ ጉድ ግን አሳዛኝ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከጓደኞቹ ጋር ጋምቤላ መጥቶ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ገደለው። የአካባቢው ሰዎች እንዳይገቡ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። በማግስቱ አንድ አዳኝ አዞውን ተኩሶ ገደለው፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል ነበር። አዳኙ የጻፈው የዓይን ምስክርነት እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመና በዋናነት ስለ ቱርካና ሐይቅ አዞዎች በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ ከፎቶግራፍ ጋር ወጣ። ይህ ታሪክ በኢንተርኔት ላይ አልሞተም። «አስፈሪ የአውሬ ጥቃቶች» በሚል ርዕስ በየጊዜው ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ከፎቶግራፉ ጀምሮ ነው። ማስጠንቀቂያው ወደ ታች ይወርዳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ባሮ ዳር ላደገ ሰው ከታሪኩ ውስጥ ዋናው ዜና ማስጠንቀቂያው ነው፤ አዞ መኖሩማ ዜናም አይደለ።

ወደ ሬዲዮና ጋዜጣ ዘመን ስንመጣ በፍጥነት እናልፋለን፤ ብዙ የሚባል ነገር ስለሌለ ሳይሆን ጋምቤላ በዚያ ዘመን ከአቅራቢነት ይልቅ አድማጭ ስለነበረች ነው። የአማርኛው የዶይቸ ቬለ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ጀመሩ፤ አጭር ሞገድ ለመንገድ ርቀት ደንታ የለውምና ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ሰው ከመዲናው ነዋሪ እኩል ይሰማቸው ነበር። የዶይቸ ቬለ የሳይንስ ዝግጅት ለብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ትውልድ ስለ ጥቁር ጉድጓድና ስለ ዘረመል የሰማበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ጋዜጣ ሌላ ነው፤ እሱ በመኪና ነው የሚጓዘው። ሪፖርተር «ዝንቅ» በሚለው ዓምዱ፣ አዲስ አድማስም በቅዳሜ ገጾቹ ከዓለም ዙሪያ የለቀሙትን ቀልድና ገጠመኝ ያቀርቡ ነበር፤ ወደ ጠረፍ ከተማ ሲደርሱ ቀኑ ያለፈበት ዜና ዋጋ ቢያጣም ዝንቁ አይሻግትም። የጉድ ወሬ አንዱ ጥቅም ይኸ ነው፣ ሳምንት ቢቆይም ትኩስ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መጣ፤ እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ» የሚተርካቸው የዓለም ታሪኮች ሰውን ታክሲ ውስጥ አስቀርተው ፌርማታውን ሲያሳልፉት አውቃለሁ። ኤፍ ኤም ግን ከተራራ አያልፍም። ጋምቤላ ያለው ሰው መቆያን የሰማው ኋላ በዩቲዩብ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው ፕላዝማም አይረሳም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በቅጽበት ይወርዳል፤ አስተማሪው መግቢያውና መውጫው ላይ ብቻ ነው የሚናገረው። ፕላዝማው ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ጠይቆ «አሥር ሴኮንድ» ሰጥቶ፣ ማንም ሳይመልስ «ትክክል» ብሎ ያልፋል። ብዙ ተወቅሷል፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ሆኖም ቤተ ሙከራ ለሌለው ልጅ ሶዲየም ውሃ ላይ ሲፈነዳ መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው። መብራት ካልጠፋ።

እዚህ ላይ ከመሥመር ወጣ ብዬ ስለ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ላውራ። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ ሥነ ሕይወት ጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ አበባ ላይ የጋምቤላን ዓሦች መለያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። መቶ ገጽ አይሞላም። ያለ ጌጥ፣ ያለ አድናቆት፣ የክንፉን እሾህ ቁጠር፣ ጢሙን ተመልከት እያለ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ይመራል። በውስጡ ያለው ግን ለሃያ የቴሌግራም ቻናል የሚበቃ ጉድ ነው።

በባሮ ተፋሰስ ከተመዘገቡት ዓሦች አንዱ ጂምናርከስ ነው፤ ረጅም፣ እባብ መሳይ፣ የጭራ ክንፍ የሌለው። ወደፊት እንደሚዋኝ ሁሉ ወደ ኋላም ይዋኛል፣ ምንም ሳይነካ። የካምብሪጁ ሃንስ ሊስማን ይህን ለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ አይቶ ተደንቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓሣው ከጭራው በኩል ያለማቋረጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳየ። በዙሪያው በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ላይ ድንጋይ ወይም ሌላ ዓሣ ሲገባ መስኩ ይዛባል፤ ዓሣው ያንን በቆዳው ያነብባል። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሚዋኘውም ለዚህ ነው፣ ቢጣመም የራሱ መስክ ይታወክበታል። ደፍርሶ እጅ በማያሳየው የክረምት ባሮ ውስጥ ይህ ከዓይን ይሻላል። በዚያው ውሃ የሚኖረው የኤሌክትሪክ አምባዛ ግን እንዲህ ጨዋ አይደለም፤ እስከ 350 ቮልት ይደርሳል፣ የነካውን ያንዘፈዝፋል። መረብ የሚጥል ሰው የትኛውን በባዶ እጁ እንደማይዝ ለማወቅ ካምብሪጅ አላስፈለገውም። ካምብሪጅ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ሁለቱ እውቀቶች ግን እስከ ዛሬ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አላየሁም።

ሌላው ባለ ሳንባ ዓሣ ነው። ስሙ ራሱ በሳይንሱ ቋንቋ የኢትዮጵያ የሚል አለበት፣ የጥንቱ ሰፊ ኢትዮጵያ ማለታቸው ቢሆንም። አየር ይተነፍሳል፤ ዘመዶቹ ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ ዝልግልግ ነገር አመንጭተው ተጠቅልለው፣ ዝናብ እስኪመጣ ይተኛሉ። በዘረመሉ ብዛትም ስመ ጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የደቡብ አሜሪካው ዘመዱ ዘረመል ሙሉ ለሙሉ ሲነበብ 91 ቢሊዮን ፊደል ሆኖ ተገኘ፣ ከሰው ልጅ 30 እጥፍ ገደማ። ዜናው በአንድ ሌሊት ዓለምን አዳረሰ። የእኛው ደግሞ ቀደም ባሉ ልኬቶች ከዚያም ይበልጣል ተብሎ ተገምቷል። ከዜናው ጋር የሚላከው ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገርና የሌላ ዝርያ ነው፤ ሰውዬው ደረቅ አፈር ይቆፍራል፣ ዓሣ ይወጣል፣ ሙዚቃ ይጮኻል።

ይህን ዓሣ አድኖ የሚበላው ወፍ ደግሞ የኢንተርኔት ንጉሥ ነው። እንግሊዞች ሹቢል ይሉታል፤ ከአንድ ሜትር በላይ የሚቆም፣ ግራጫ፣ ትልቅ ነጠላ ጫማ የመሰለ መንቁር ያለው። ለሰዓታት ሳይነቃነቅ ቆሞ ሰውን አፍጥጦ ያያል፤ መንቁሩን ሲያንቋቋው መትረየስ ይመስላል። ጃፓኖች «የማይንቀሳቀሰው ወፍ» ብለው በየመካነ እንስሳቱ ይጎበኙታል፣ አሻንጉሊት ሠርተውለታል። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ብቻ ሲሆኑ አብዛኞቹ ደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ናቸው፤ በአገራችን የተመዘገበው በጋምቤላ በኩል ነው። የማይንቀሳቀሰውም ለቀልድ አይደለም። ባለ ሳንባው ዓሣ አየር ለመተንፈስ ብቅ የሚልበትን ቅጽበት ነው የሚጠብቀው። የዓሣው ሳንባና የወፉ ትዕግሥት አንድ ታሪክ ናቸው፤ በስልካችን ላይ ግን እንደማይተዋወቁ ሁለት ጉዶች ተለያይተው ይመጣሉ።

ከሁሉም በላይ የጋምቤላ ስም ከሳይንስ ወሬ ጋር የተነሣው በነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ወንዱ ጥቁር ገላ ላይ ነጭ ጆሮ አለው፣ ሴቷ ዳማ ናት። ድርቅ ሲበረታ ውሃና ለምለም ሣር ፍለጋ ከደቡብ ሱዳን ቦማ አካባቢ እየተነሡ ይጓዛሉ፣ ከፊሎቹም ድንበር ተሻግረው በ1966 ዓ.ም. ገደማ ወደተከለለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይገባሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደቡብ ሱዳን በኩል የተደረገ ጥናት 800 ሺህ ያህል ገምቷቸው ነበር። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ጦርነት ሆነ፤ ተዋጊውም ስደተኛውም በልቷቸው አልቀዋል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎቹ ማይክ ፌይና ፖል ኤልካን በአውሮፕላን ወጥተው ሲቆጥሩ ቆርኬ፣ ቲያንግና ሚዳቋ ተደምረው 1.3 ሚሊዮን አገኙ። ዜናው በኒው ዮርክ ታይምስ ወጥቶ በየድረ ገጹ ተዛመተ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጥበቃ ድርጅቱ አፍሪካን ፓርክስና የደቡብ ሱዳን መንግሥት የአዲሱን ቆጠራ ውጤት አሳወቁ፤ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ የዱር እንስሳ፣ ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ። የሴሬንጌቲን ዝነኛ ፍልሰት የሚያስከነዳ፣ በየብስ ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ የአጥቢ እንስሳት ጉዞ።

ቁጥሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከ1.3 ወደ 6 ሚሊዮን! ከአራት እጥፍ በላይ ተባዙ ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲያ ብሎ የሚያጋራ ሰው ቆጠራው እንዴት እንደተሠራ የምትለዋን ክፍል ዘልሏታል። ትንሿ አውሮፕላን በካርታው ላይ በተሰመሩ ትይዩ መስመሮች፣ ከፍታዋን ሳትለውጥ ትበራለች። ክንፏን በደገፈው ብረት ላይ ሁለት ዘንጎች ታስረዋል፤ ተመልካቹ በዘንጎቹ መካከል የሚታየውን ቁራጭ መሬት ብቻ ነው የሚቆጥረው። መንጋው ሲበዛ ፎቶ ይነሣል፣ ምድር ላይ ይለቀማል። ከዚያ በመስመሮቹ መካከል ያለው ያልታየው መሬት በስሌት ይሞላል። መስመሩ ቢቀራረብ፣ ካሜራው ቢሻሻል፣ ክልሉ ቢሰፋ ውጤቱ ይለወጣል። አዲሱ ቆጠራ ከ120 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል፣ በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠሙ ካሜራዎችንም ተጠቅሟል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ላጠገብ አቁሞ ተባዙ ማለት አይቻልም። በዚያው ሪፖርት ውስጥ ደግሞ ማንም ያላጋራው ክፍል አለ፤ የማይፈልሱት፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያና ጎሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ክፉኛ መመናመናቸው። ተአምሩ ዞረ፣ መርዶው ቀረ።

የሚገርመው ሌላው ነገር ቆጠራው በደቡብ ሱዳን በኩል የተደረገ መሆኑ ነው። ቆርኬው ድንበር አያውቅም፤ አውሮፕላኗ ግን ታውቃለች። በእኛ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የአፍሪካ ቀንድ የአካባቢ ማዕከልና ኔትወርክ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ በአውሮፕላን አሰሳና በአንገት ላይ በሚታሰር የሳተላይት መከታተያ ሠርቷል፤ ቆርኬዎቹ በየትኛው ወር የት እንደሚሻገሩ በዚያ መንገድ ታይቷል። ይህኛው ጥናት ስሜት የሚያነሣ ክብ ቁጥር የለውምና በቻናሎቹ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ቢቢሲ አማርኛ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሲጀምር ከፖለቲካው ጎን ለጎን የሳይንስና የገጠመኝ ወሬ በሚነበብ አማርኛ አመጣ፤ ለብዙ የፌስቡክ ገጽ ባለቤት ያልተጻፈ የቅጂ ምንጭ ሆነ ብል አላጋነንኩም። ቅጂው ሲቀዳ ምንጩ ይወድቃል፣ ቀኑም ይወድቃል፤ የዛሬ ስድስት ዓመት የተገኘ ነገር «በቅርቡ» እየተባለ ይዞራል። ከዚያ ቴሌግራም መጣ፤ ፋይሉ ትንሽ፣ ደካማ ኔትወርክን የሚታገሥ፣ ለጠረፍ ከተማ የተመቸ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ ቪፒኤን የማያውቅ ሰው ጠፋ። እኔ ከዚያ ወቅት የማስታውሰው ጉድ ፈላጊው እንዳልቆመ ነው። አጣሪዎችም ተነሥተዋል፤ ኢትዮጵያ ቼክን የመሰሉ ቡድኖች የሐሰት ፎቶና ቪዲዮ እየመረመሩ ያጋልጣሉ። ሥራቸው ግን በአብዛኛው ጦርነትና ፖለቲካ ላይ ነው። የወፍና የዓሣ ሐሰት ሰው አይገድልምና ወረፋ አይደርሰውም፤ ትክክል ናቸው።

ባሮ ዳር፣ ዓሣ ከሚጠበስበት ጥላ ሥር፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልክ ይቀባበላሉ። የሹቢሉ ቪዲዮ ሲከፈት አንዱ «ወይ ጉድ» ይላል፤ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው አንገቱን አስግጎ አይቶ «ይኼማ የኛ ነው» ብሎ በአኙዋኛ ስሙን ይጠራል፣ የት የት እንደሚቆም፣ ከዓሣው ራሱን ቆርጦ እንደሚጥል ይናገራል። ጎልማሳው በኑዌርኛ ሌላ ስም ያመጣል። ክርክር ይነሣል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቪዲዮው ውስጥ ከነበረው የበለጠ ነገር ይነገራል፤ ማንም አይቀርጸውም። ቀጣዩ ቪዲዮ ድመት ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው እዚህ ላይ ከፊል እውነት ነው። ወርቅነቱን ያውቁታል፤ ሌላው አካል ማወቁ ነው ያልተለመደው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ አኙዋኛና ኑዌርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይሰጣሉ፤ የሳይንሱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው ነገር ሳይንስ ሆኖ ለመመለስ ሦስት ቋንቋ መሻገር አለበት፣ በየመሻገሪያው ላይ አንድ ነገር ይጥላል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን አንድ አዲስ ነገር አለ፤ ተስፋ ለማለት እፈራለሁ፣ ምልክት እለዋለሁ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ወለላ ሲልሱ፣ አፍንጫቸውም በዱቄቱ ሲሞላ የሚያሳይ ጥናት ወጥቶ ዓለምን አስደነቀ፤ ሥጋ በል አውሬ አበባ ሳያዳቅል አይቀርም ተባለ። የባሌ እረኞች ልጆች ያንን አበባ ሲልሱ ኖረዋል፤ ከአጥኚዎቹ አንዱም ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። በዜናው ውስጥ እረኛው ቢያንስ ስም የለሽ ሆኖ ገባ። ከማርሻን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ አይደለም።

ጋምቤላ ውስጥም ቲክቶክ ላይ በአኙዋኛና በኑዌርኛ እየተናገሩ የወንዙንና የከብቱን ሕይወት የሚያሳዩ ወጣቶች እየበዙ ነው። አብዛኛው ጭፈራና ቀልድ ነው፤ መሆንም ያለበት ነው። በመሃል ግን አንድ ሰው ከመረብ ያወጣውን ዓሣ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ከሥሩ አስተያየት ሰጪዎች ስሙን በሦስት ቋንቋ ይከራከሩበታል፣ አንዱ እንዳትነካው ይላል፣ ሌላው አጎቱን እንዴት እንዳንዘፈዘፈው ይጽፋል። የዓሣው የአገር ስም እዚያ ተጽፏል። የዓሦቹን መለያ መጽሐፍ ያዘጋጁትና በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የዓሣ ተመራማሪዎች ግን ቲክቶክ የሚከፍቱ አይመስለኝም፤ ቪዲዮውም በሳምንቱ ከገጹ ተገፍቶ ይወርዳል።